ሻንጣ ይዞ ወደ ቦሌ ኤርፖርት መሄድና መመለስ፦ ለሕሙማንና ለቤተሰባቸው

ለሕክምና ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ የሚጓዝ ሕመምተኛ ስለ ቪዛው፣ ስለ ገንዘቡና ስለሚታከምበት ሆስፒታል ለወራት ሲያስብ ይቆያል። ከክልል ከተሞች በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ታካሚም እንዲሁ ነው። ከቤት እስከ ቦሌ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት እስከ ቤት ያለው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በመጨረሻው ቀን ነው።

ለሕመምተኛ ግን ከባዱ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በረራው ራሱ ሳይሆን ይህ አጭር መንገድ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ሰው ተቀምጦ ነው የሚሄደው። በታክሲና በአውቶቡስ ሲሄድ ግን ይቆማል፣ ይጋፋል፣ ሻንጣ ያነሳል፣ ይጎትታል፣ ሳይበላ ይውላል። በቅርቡ የተሰፋ ቁስል፣ የደከመ ልብ ወይም የወገብ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ጉዞ ራሱ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ በሕዝብ ትራንስፖርት መሄድ የሚችለው ማን እንደሆነ፣ ማን መተው እንዳለበት፣ ሻንጣ እንዴት እንደሚያዝ፣ መድኃኒት የት እንደሚቀመጥና ከጉዞ በኋላ የትኞቹ ምልክቶች ችላ መባል እንደሌለባቸው እንመለከታለን።

መንገዱ ምን ይመስላል?

ኤርፖርቱ የሚገኘው ከመስቀል አደባባይ በሚመጣው የቦሌ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ከመገናኛ በኩል ደግሞ በኢምፔሪያል አድርጎ የሚመጣው የቀለበት መንገድ ያደርሳል። የአገር ውስጥ በረራ የሚስተናገደው በተርሚናል 1 ሲሆን ዓለም አቀፍ በረራ በአብዛኛው በተርሚናል 2 ነው። የትኛው እንደሆነ ቲኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ። በስሕተት ሌላኛው ተርሚናል መውረድ ለሕመምተኛ ሻንጣ እየጎተቱ ተጨማሪ መንገድ መሄድ ማለት ነው።

ሚኒባስ ታክሲ፦ «ቦሌ» እያሉ የሚጠሩት ታክሲዎች በአብዛኛው ቦሌ ድልድይ አካባቢ ያወርዳሉ እንጂ እስከ ተርሚናሉ በር አይገቡም። የቀረውን በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ለጤነኛ ሰው ቀላል መንገድ ነው። 20 ኪሎ ሻንጣ ለሚጎትትና ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ግን ረጅም ነው።

የከተማ አውቶቡስ፦ አንበሳና ሸገር አውቶቡሶች ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፤ ሰፋ ያለ ቦታም አላቸው። በሰልፍ ላይ ቆሞ መጠበቅና ውስጥም ቆሞ መሄድ ግን ሊኖር ይችላል።

ቀላል ባቡር፦ በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ የጀመረው ባቡር ኤርፖርት ድረስ አይሄድም። ከአያት፣ ከሲኤምሲ ወይም ከጉርድ ሾላ የሚነሳ ሰው መገናኛ ወይም ሃያ ሁለት ወርዶ ሌላ ትራንስፖርት መያዝ አለበት። በአንዳንድ ጣቢያዎች ደረጃ መውጣትና መውረድ አለ። ስለዚህ ከባድ ሻንጣ ላለው ሕመምተኛ ባቡሩን አልመክርም።

ኮንትራት ታክሲ፦ እንደ ራይድና ፈረስ ያሉት በስልክ የሚጠሩ መኪኖች፣ ላዳዎችና ኤርፖርቱ ጋ የሚቆሙት ቢጫ ታክሲዎች ዋጋቸው ይጨምራል። ነገር ግን ከቤት ደጃፍ ተነስተው ተርሚናሉ ፊት ለፊት ያደርሳሉ።

ዋጋውን ሲያስቡ ጉዞውን በሁለት ከፍለው ማየት ይጠቅማል። ለምሳሌ ከሰሚት ወይም ከጎሮ የሚነሳ ቤተሰብ ጓደኛና ጎረቤት ሸኚዎች በሚኒባስ ሄደው ሕመምተኛውና አንድ አስታማሚ ብቻ ከሻንጣው ጋር በኮንትራት ቢሄዱ ወጪው ይቀንሳል፤ ሕመምተኛውም አይጎዳም። ገንዘቡ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ኮንትራቱን ለመመለሻው ቢያስቀምጡት ይሻላል። ሰው ከቀዶ ሕክምናና ከረጅም በረራ በኋላ ሲመለስ ከሄደበት ቀን ይልቅ ደካማ ነውና።

ሻንጣ ሰውነትን እንዴት ይጎዳል?

በብዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው ክብደት እስከ 23 ኪሎ ነው። የሚገርመው፣ የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ለጤነኛ ሠራተኛ ያስቀመጠው የማንሻ ክብደት መነሻም ይኸው 23 ኪሎ ነው። ይህ ግን ዕቃው ለሰውነት ቀርቦ፣ ከወገብ ሳይጎነበሱና ሳይጠማዘዙ፣ ጥሩ መያዣ ኖሮት ሲነሳ የተቀመጠ ልክ ነው። ሁኔታው ከዚህ በራቀ ቁጥር የሚፈቀደው ክብደት ይቀንሳል።

በሚኒባስ በር ላይ የሚሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ወገቡን አዙሮ፣ «ቶሎ ቶሎ» እየተባለ ያነሳል። እንዲህ ሲሆን በወገብ አጥንቶች መካከል ባለው ዲስክ ላይ የሚያርፈው ጫና ከፍ ይላል። ትንፋሽ ይዞ ማማጥ ደግሞ የሆድ ውስጥ ግፊትን ይጨምራል፤ የደም ግፊትንም ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። ለዚህ ነው ያልጠገገ የሆድ ቁስል የሚሳሳው፣ ቡአ ያለበት ሰው ሕመሙ የሚብሰው፣ የልብ ሕመምተኛም ደረቱን የሚጨንቀው።

ሻንጣ ማንሳት የሌለባቸው እነማን ናቸው?

- የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶች፦ አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ዕቃ ማንሳት አይመከርም። አዲስ እናት ከሕፃኗ የከበደ ነገር ባታነሳ ጥሩ ነው።
- ደረታቸው ተከፍቶ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፦ የደረት አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ማንሳት ብቻ ሳይሆን ሻንጣ መግፋትና መጎተትም ይከለከላል።
- የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፦ ሐኪማቸው እስኪፈቅድ ድረስ መጎንበስንና ከባድ ማንሳትን ይተዉ።
- የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ፦ የእጥበት መስመር (ፊስቱላ) በተሠራበት ክንድ ሻንጣ አይያዝም፤ የቦርሳ ማንገቻም በዚያ ክንድ ላይ አይንጠለጠልም። ጫናው መስመሩን ሊዘጋው ይችላል። ይህ መስመር ደግሞ ለታካሚው ሕይወቱ ነው።
- ነፍሰ ጡሮች፦ በተለይ ሆድ ከገፋ በኋላ ሚዛን መጠበቅ ስለሚያስቸግር በታክሲ መግቢያ ላይ የመውደቅ አደጋ አለ። ብዙ አየር መንገዶች ከ28 ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ።
- የልብ ድካም፣ ከባድ አስም ወይም ሌላ የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም የወገብ ዲስክ ሕመም ያለባቸው።

ቤተሰብ እዚህ ላይ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሸክም ለልጅ መስጠትን እንደ መድከም ይቆጥሩታል። «ተወው፣ እኔ ይዘዋለሁ» ይላሉ። በመንገድ ላይ ከመከራከር ይልቅ ሻንጣውን ማን እንደሚይዝ ከቤት ሳይወጡ መወሰን ይሻላል። ለአባትዎ ሰነዶቹን የያዘች ቀላል ቦርሳ ይስጧቸው። ባዶ እጃቸውን ስላልሄዱ ቅር አይላቸውም፤ ሰነዱም ከእጃቸው አይለይም።

በታክሲ ለመሄድ አቅም አለኝ? በቤት የሚደረግ ቀላል ሙከራ

ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ይህን ይሞክሩ፦ በደልዳላ ቦታ ላይ 50 ሜትር ያህል በተለመደው ፍጥነትዎ ይራመዱ። ከዚያም አንድ ፎቅ ደረጃ ይውጡ። ይህን ሲያደርጉ ትንፋሽ በጣም ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ካመመዎት ችግሩ የታክሲ ብቻ አይደለም፤ ለበረራውም ዝግጁ መሆንዎን ሐኪም ማየት አለበት። ሐኪሞች ለበረራ ብቁነት ከሚጠቀሙባቸው ቀላል መመዘኛዎች አንዱ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በበረራ ላይ ያለው የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊትም ከዚህ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አውሮፕላን ውስጥም ሊያጥረው እንደሚችል ይጠበቃል።

ሙከራውን ማለፍ ካልቻሉ ሦስት ነገር ያድርጉ፦ ሐኪምዎን ያማክሩ፣ ከቤት እስከ ተርሚናል የሚያደርስ መኪና ያዘጋጁ፣ ከአየር መንገዱም ዊልቸር ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመው ይጠይቁ። ዊልቸር መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። መራመድ ለሚችል ነገር ግን ረጅም ሰልፍ ላይ መቆም ለማይችል ሰውም የተዘጋጀ አገልግሎት ነው። ቲኬት የሌለው ሰው ወደ ተርሚናሉ ስለማይገባ ሸኚ ልጅ በሩ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛውን የሚረዳው በስሙ የተመዘገበው ይህ አገልግሎት ነው።

ሰዓቱን አይሳሳቱ

ቲኬት የሚጻፈው በእኛ የሰዓት አቆጣጠር አይደለም። ቲኬቱ ላይ 23:30 ካለ ማታ 5:30 ማለት ነው። 00:30 ካለ ደግሞ ሌሊት 6:30 ነው፤ ቀኑም በእነርሱ አቆጣጠር ተቀይሯል። ለምሳሌ በ15ኛው ቀን 00:30 የተባለ በረራ በ14ኛው ቀን ማታ ከቤት የሚወጡበት ነው። ሕመምተኛ በአንድ ቀን ስሕተት በረራ ሲያመልጠው የሕክምና ቀጠሮውም አብሮ ያልፋል። ቲኬቱን ለሁለት ሰው ያስነብቡ።

የሕዝብ ትራንስፖርት የሚጨናነቀው ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በረራዎ ማታ ከሆነ ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት፣ 9 ሰዓት ገደማ መነሳት ይመረጣል። ኤርፖርት ተቀምጦ መጠበቅ መገናኛ ቆሞ ታክሲ ከመጋፋት ይሻላል።

ሻንጣ ሲያዘጋጁ

1. ከአንድ ትልቅ ሻንጣ ሁለት መካከለኛ ሻንጣ ይሻላል። እያንዳንዱ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ባይበልጥ ለሚያነሳው ሰው ይቀላል።
2. ጎማ ያለው ሻንጣ ይምረጡ። ጎማው መሥራቱን ዕቃ ሞልተው ይሞክሩት።
3. ቤተሰብ በፍቅር የሚጨምረው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ቆሎ ሳይታሰብ ክብደት ይጨምራል። ሕመምተኛው ብቻውን የሚጓዝ ከሆነ ስንቁን በልክ ያድርጉት። ጨው የተቀነሰላቸው ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚበሉትን አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።
4. ሲያነሱ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ሻንጣውን ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው፣ ትንፋሽ እያወጡ ይነሱ። መዞር ካስፈለገ በእግርዎ ይዙሩ እንጂ ወገብዎን አይጠምዝዙ።
5. ሻንጣ ፖርቶ መጋላ ላይ ራስዎ አይስቀሉ። ለረዳቱ «ሕመምተኛ ነው፣ እባክህ አግዘን» ማለት በቂ ነው፤ አብዛኞቹ ያግዛሉ። የሻንጣውን ሒሳብ ከመሳፈርዎ በፊት ተነጋገሩ፤ መሃል መንገድ ላይ መጨቃጨቅ ለደም ግፊት ሕመምተኛ አይበጅም።
6. ትልቅ ሻንጣ ያለው ሰው ለዕቃው አንድ ተጨማሪ ወንበር ቢከፍል ይሻላል። ሻንጣ ጭን ላይ ታቅፎ መቀመጥ የተሰፋ ሆድን ይጫናል፤ እግርንም ያደነዝዛል።

መድኃኒት የት ይቀመጥ?

መድኃኒት ሁሉ የሚቀመጠው በእጅ ቦርሳ ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ ወይም አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በሚገባ ሻንጣ አይቀመጥም፤ ሻንጣ ሊጠፋ ወይም ሊዘገይ ይችላል።

ኢንሱሊን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በረዶ መሆን ያበላሸዋል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መሞቅም ያበላሸዋል። የተከፈተ ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ሙቀት ለ4 ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጪ መቆየት ስለሚችል ለጉዞው ቀን በረዶ ውስጥ መክተት አያስፈልግም። በረዶ ቢነካው እንዲያውም ይጎዳል።

የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ወስዶ ቁርሱን ሳይበላ ለታክሲ ሰልፍ መውጣት የለበትም። ሻንጣ መጎተት ስፖርት እንደመሥራት ነው፤ ስኳርን ያወርዳል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኃብና ግራ መጋባት ከመጣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ወይም ከረሜላ መብላት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ስኳሩን በኪስዎ ይያዙ። ጾም ላይ ያሉ ሰዎች የጉዞውን ቀን አስቀድመው ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሃይማኖት መሪያቸው ጋር ይነጋገሩበት።

የሐኪም ማዘዣውንና የሕክምና ማስረጃውን አብረው ይያዙ። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች በአንዳንድ አገሮች፣ በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ያለ ማስረጃ ሲገኙ በሕግ ያስጠይቃሉ። ለሌላ ሰው አድርሱልን የተባለ መድኃኒት ምንነቱን ሳያውቁ አይቀበሉ።

ታክሲ ውስጥ ስላለ ሳል

ሰው በሞላበት ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ይዘጋል፤ «ብርድ ይመታናል» ይባላል። በሳል የሚተላለፉ በሽታዎች በቀላሉ የሚዛመቱት ግን አየር በማይዘዋወርበት ቦታ ነው። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ኩላሊት የተተካላቸው ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የቀነሰ ሰዎች ማስክ አድርገው መስኮት አጠገብ ይቀመጡ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ገና የጀመረ ሰው ደግሞ ሐኪሙ «አሁን አታስተላልፍም» እስኪለው ድረስ በሕዝብ ትራንስፖርትም በአውሮፕላንም መጓዝ የለበትም።

ሲመለሱ፦ ከኤርፖርት ወደ ቤት

ከጅዳ፣ ከቤሩት ወይም ከሌላ በባሕር ወለል ደረጃ ካለ ከተማ የሚመጣ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ የሚያገኘው ኦክስጅን ከመጣበት በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ከጋምቤላ ወይም ከአፋር ቆላ የሚመጣ ታካሚም ልዩነቱ ይሰማዋል። ሻንጣ እየጎተተ ወደ ታክሲ ሲሄድ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ የመጀመሪያውን ቀን ራሱን ቢያመው ብዙ አያስደንቅም። ቀስ ብሎ መሄድ፣ ውኃ መጠጣትና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከባድ ሥራ አለመሥራት ይረዳል። ቁጭ ብሎም የማይሻል የትንፋሽ እጥረት ግን የከፍታ ነው ተብሎ አይታለፍም።

የሚቀበል ቤተሰብ ውጭ ስለሚጠብቅ መንገደኛው እስኪያገኛችሁ ድረስ ሻንጣውን በኤርፖርቱ ጋሪ እንዲገፋ ንገሩት፤ ስልኩ የማይሠራ ከሆነ የት እንደምትገናኙም አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሌሊት ለሚደርስ ሕመምተኛ ሚኒባስ ፍለጋ መውጣት ተገቢ አይደለም።

ከሁሉም በላይ መዘንጋት የሌለበት የደም መርጋት ነው። ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው፣ ለካንሰር ሕሙማን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች አደጋው ከፍ ይላል። ምልክቱ በጉዞው ቀን ብቻ ሳይሆን እስከ 4 ሳምንት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ችግሩ ብዙ ሰው «ሻንጣ ስጎትት ጅማቴ ዞሮ ነው» ብሎ ማሸት ይጀምራል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ካመመና ከሞቀ አይታሽም፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። በሁለቱም እግር ላይ እኩል የሆነ፣ አድሮ የሚጠፋ እብጠት ግን ብዙ ጊዜ ከረጅም መቀመጥ የመጣ ነው።

ወዲያውኑ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

- ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ በተለይ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ
- ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም ደም የቀላቀለ ሳል
- የአንድ እግር እብጠትና ሕመም
- የቁስል መከፈት፣ መድማት ወይም መግል
- ሻንጣ ካነሱ በኋላ የሚወጣ፣ የማይመለስና የሚያም የሆድ ወይም የብሽሽት እብጠት፣ በተለይ ማስታወክ ካለው
- የወገብ ሕመም ሆኖ እግር ከሰነፈ፣ በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ
- የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መንተባተብ

እነዚህ ከታዩ ታክሲ አይጋፉ። አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ኮሚሽን በ939 ይገኛሉ። ኤርፖርት ውስጥ ከሆኑ ለአቅራቢያው ሠራተኛ ወዲያውኑ ይንገሩ። አምቡላንስ ከዘገየ በተገኘው መኪና በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሻንጣው ቢቀር ይቅር።

ከቤት ከመውጣትዎ በፊት

የሚከተሉትን ለቤተሰብዎ ጮክ ብለው ያንብቡ፦ ሻንጣውን የሚይዘው ማን ነው? መድኃኒቱና ማስረጃው በእጅ ቦርሳ ገብቷል? በረራው በእኛ ሰዓት ስንት ሰዓት ነው? ተርሚናሉ የትኛው ነው? ዊልቸር ተጠይቋል? ሕመምተኛው በልቷል? ሲመለስ የሚቀበለው ማን ነው፣ በምን?

ለሰባቱም መልስ ካለዎት የመንገዱን ከባድ ክፍል ጨርሰዋል። ከሕመምዎ ዓይነት ጋር የተያያዘ የተለየ ጥያቄ ካለዎት ግን ይህ ጽሑፍ የሚከታተልዎትን ሐኪም አይተካምና ከጉዞው በፊት ያማክሯቸው። መልካም ጉዞ፣ በሰላም ያግባዎት።